ኤቬሊዮ የሰጠው ስንኝ

ኦዲሊያ የባሏን ቀበቶ ድንጋይ ላይ ዘርግታ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ትበሳለች። ባለጋሪው ሳቱርኒኖ ደጅ ቆሞ ፈረሱን እያባበለ ይጠብቃቸዋል። ኤቬሊዮ ሱሪው እንዳይወርድበት በእጁ ጨብጦ ቆሞ ያያታል።

"ደግሞ ሌላ ቀዳዳ?" አላት። "ይሄ ቀበቶ ወንፊት ሊሆን ነው እኮ።"

"ቆዳው ነው የተለጠጠው" አለች ቀና ሳትል። "አሮጌ ቆዳ ይለጠጣል።"

የተለጠጠ ቆዳ የለም። የከሳው ሰውየው ነው። ባለፈው ወር የከተማው ሆስፒታል ሐኪም እሷን ብቻ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ፣ የባሏን ቆሽት ካንሰር እንደያዘው፣ ቀዶ ጥገናም እንደማይሆን፣ መጪውን የትንባሆ ቆረጣ የሚያይ እንደማይመስለው ነግሯት ነበር። ለኤቬሊዮ ግን የጨጓራ ቁስለት ነው ተባለ። እኛ ዘንድ ወጉ ይኸው ነው፤ ክፉው ለቤተሰብ ይነገራል፣ ለታማሚው ደስ የሚል ውሸት ይሰጠዋል። ስፔን ያለችው ልጃቸው ሊስቤትም በስልክ አልቅሳ ስታበቃ፣ እማዬ አደራ እንዳትነግሪው፣ ይልቅ አንድ ቀን አውጥተሽ ደስ አሰኚው ብላ የዛሬውን የምግብ ቤት ራት ሒሳብ ከዚያው ከፈለች። ለሱ የተነገረው፣ ለአባቶች ቀን ላልላከችለት ስጦታ ምትክ ነው ተብሎ ነው።

በጋሪው ተሳፍረው ወጡ። መብራት ከቀትር ጀምሮ ስለጠፋ መንደሩ ገና በምሽቱ መጀመሪያ ጨልሟል፤ ሰው በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ በካርቶን ራሱን ያራግባል። በማሳቸው በኩል ሲያልፉ ኤቬሊዮ የትንባሆ ማድረቂያውን ቤት አየ። አውሎ ነፋስ ከሥሩ ነቅሎ የጣለው፣ እሱ ደግሞ ያለማንም እርዳታ በዘንባባ ቅጠል መልሶ የከደነው ቤት ነው።

"መስከረም ሲገባ የችግኙን መደብ እዘራለሁ" አለ። "ዘንድሮስ የወንዙን ዳርም ጨምሬ ላርሰው ነው።"

"ታርሰዋለህ፤ ማን ይከለክልሃል" አለችው ኦዲሊያ።

እሱም ትንሽ አያት፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ፈረሱ መለሰ።

የኑርካ ምግብ ቤት የራሷ የኑርካ ጓሮ ነው። ከኋላ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ከማንጎው ዛፍ ላይ ቀይና ቢጫ አምፖሎች ተንጠልጥለዋል። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ጣልያኖች ተቀምጠዋል፤ የቀሩት እንደ ኤቬሊዮና ኦዲሊያ ባሕር ማዶ ልጅ ያላቸው ናቸው። ኑርካ ራሷ አመጣችላቸው፤ በከሰል የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ ከጥቁር ባቄላ ጋር የበሰለ ሩዝ፣ ነጭ ሽንኩርትና የኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ የፈሰሰበት ካሳቫ፣ ተደፍጥጦ የተጠበሰ ጥሬ ሙዝ። ኦዲሊያ እንዲህ ያለ ሰሃን ካየች ቆይታለች። ጠረኑ አስጎመጃት፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። ኤቬሊዮ ካሳቫውን ቀመሰ፣ አመሰገነ፣ ሥጋውን ግን ቀስ እያለ ከሩዙ ሥር ሲቀብረው አየችው። እንዳላየች ሆነች።

ከዚያ ዘፋኞቹ መጡ። ኒካኖር ሽማግሌ ነው፣ ከኤቬሊዮ ጋር በአንድ ወንዝ የዋኘ። ተጋጣሚው ያሚላ ወጣት ናት፣ ምላሷ ስለት ነው። የሁለቱ ሥራ በግጥም መሰዳደብ ነው፤ እሷ ጥርስህ ረገፈ ስትለው፣ እሱ የአንቺን ባል ነክሼ ነው ይላታል፤ ጓሮው በሳቅ ይናወጣል። ቀጥሎ ዋናው ጨዋታ መጣ። ኒካኖር ጊታሩን አንግቶ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዞረ ስንኝ ይለምናል። ከበላተኛው አንዱ የመጨረሻዋን ስንኝ ይሰጠዋል፤ ግጥሙ አሥር ስንኝ ነውና፣ እሱ ከላይ ያሉትን ዘጠኙን እዚያው አፍልቆ በተሰጠችው ላይ ማረፍ አለበት። አንዱ ሰካራም፣ የኑርካ አሳማ ከባሏ ይወፍራል የምትል ስንኝ ሰጠው፤ ኒካኖር አሳምሮ ዘፈናት፤ የኑርካ ባል ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ኤቬሊዮ እጁን አነሣ።

ኦዲሊያ ደነገጠች። ባሏ ሰው መካከል አፉን የሚከፍት ሰው አይደለም።

"በል ስጠኝ፣ አያ ኤቬሊዮ" አለ ኒካኖር።

"ዘንድሮስ ችግኙን ሌላ ሰው ይትከለው።"

ሰዉ ሳቀ። በዚያ ሸለቆ ከኤቬሊዮ ቀድሞ ችግኝ የሚተክል የለምና፣ ቀልድ መሰላቸው። ከጎናቸው ያለው ጠረጴዛ፣ አያ ኤቬሊዮ ጡረታ ወጣ እንግዲህ ብሎ ብርጭቆ አነሣለት። ኒካኖር ግን ወዲያው አልጀመረም። የወዳጁን አንገት አየ፣ ሸሚዙ የሰፋበትን ትከሻ አየ። ጣቶቹ አንዷን ክር ደጋግመው መቱ። ስለ በሬ፣ ስለ ዝናብና ስለ ቀይ አፈር ዘፈነ፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ሳቁም አብሮ ዝቅ አለ። መጨረሻው ይህ ነበር፦

"ጉልበቴን በሙሉ አፈሩ ከበላው፣
ዘንድሮስ ችግኙን ሌላ ሰው ይትከለው።"

አጨበጨቡለት። ያሚላ ተቀብላ፣ ሽማግሌውን ያደከመችው መሬት ሳትሆን ሚስቱ ናት ብላ ኦዲሊያን ስትነካት ጓሮው እንደገና ሞቀ። ኦዲሊያ ለሰዉ ፈገግ አለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ባሏ አስጠጋች።

"መቼ ነው ያወቅኸው?" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ሐኪሙ አንቺን ለብቻሽ የጠራ ጊዜ። ለጨጓራ ኮሪደር ድረስ ማን ይወጣል?" ውኃውን ተጎነጨ። "ቢሆንም ተሳስቼ ይሆናል እያልኩ ነበር። ዛሬ ጋሪው ላይ የወንዙን ዳር አርሳለሁ ስልሽ ግን፣ ታርሰዋለህ አልሽኝ። በደህናው ጊዜ ቢሆን፣ አንተ ሽማግሌ አብደሃል ወይ ነበር የምትዪኝ።"

ኦዲሊያ ሹካዋን አስቀመጠች።

"አባቴንም እንዲሁ አደረግነው፣ አንቺና እኔ። ቁስለት ነው አልነው። በሬ ልግዛ ብሎ ሲዋዋል ዝም ብለን አየነው። እሱ ሞተ፣ ከነዚያ ሰነፍ በሬዎች ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ።"

ሳቅ አመለጣት፤ በሳቁ መካከል እንባዋ መጣ። በመሐረብ ፊቷን ስትሸፍን ሰው የያሚላ ቀልድ ያሳቃት መሰለው።

"እኔ ግን በሬ አልገዛም" አለ። "ንገሪኝ፣ እናቷ። ስንት ጊዜ ቀረኝ?"

እግዜር ያውቃል የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። የሊስቤትም አደራ ትዝ አላት። ቀና ብላ ስታየው ግን የሚጠብቀው ማባበያ እንዳልሆነ ገባት።

"ለቆረጣው አይደርስም ብሏል።"

"ለገናስ?"

"ለገናም እንጃ ብሏል።"

ገዥ የትንባሆውን ቅጠል ዋጋ ሲነግረው እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ። ያማል ወይ ብሎ ጠየቃት። ያማል አለችው፤ ማስታገሻውም እንደ ልብ አይገኝም። ይህንንም አልደበቀችውም፤ አንዴ ከጀመረች መደበቁ አቅቷት ነበር።

"ሊስቤት መምጣት ትችላለች?"

"ወረቀቷ አላለቀም። ከስፔን ከወጣች መልሰው አያስገቧትም።"

"እንግዲያው አትምጣ" አለ። ይህን ሲል ብቻ ድምፁ ተሰበረ። ዓይኑን ወደ ዘፋኞቹ አዞረ፣ ጣቶቹም በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ የጊታሩን ምት ለመከተል ሞከሩ። ፊቱን ሲመልስ ስለ መሬቱ አወራት። ጦሙን ካደረ መንግሥት ይወስደዋል። ጎረቤታቸው ፋቢያን ምርቱን እኩል እንካፈል፣ እኔ ልረስ እያለ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ይለምነዋል። ኤቬሊዮ ማሳውን አዙሮ ሊያሳየው፣ ውኃው የት እንደሚተኛ፣ ተባዩ ከየት እንደሚገባ፣ እግሩ ሳይከዳው ሊያስተምረው ይፈልጋል። እስከ አሁን እንቢ ስትል የኖረችው ኦዲሊያ ናት። መሬቱ ለሊስቤት ይቀመጣል ትል ነበር፤ አንድ ቀን ትመለሳለች።

አሁን ግን አልተከራከረችም። እሺም አላለችም።

ኑርካ የወተት ጣፋጭ ይዛ ስትመጣ፣ እናመሰግናለን፣ ሆዳችን ሞልቷል አሏት። ኒካኖር ሊሰናበታቸው እስከ በሩ ድረስ ተከትሏቸው መጣ፤ ኤቬሊዮን አንገቱን አቅፎ ቆየና ወደ ጊታሩ ተመለሰ።

ሳቱርኒኖ ፋኖሱን ጋሪው ላይ ሰቅሎ እጁን ሰጣቸው። የጄኔሬተሩ ድምፅ ከኋላቸው ራቀ። ኤቬሊዮ ትከሻውን እሷ ላይ አስደገፈ፤ ክብደቱ የልጅ ያህል ሆኖ ተሰማት። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ዘንድ ሲደርሱ ባለጋሪው ፈረሱን ወደ ግራ፣ ወደ ቤታቸው ሳበ።

"በዚያ አይደለም" አለችው ኦዲሊያ። "በቀኝ ያዘው፣ ወደ ፋቢያን ቤት። ሳይተኛ እንድረስበት።"