የጭነት መኪና ያነሳው እጅ

ልብስ ሰፊው ውሸት የሚያወራው በሥራው ልክ ነበር። ቁልፍ ለማስተከል የመጣ ሰው አጭር ወሬ ይደርሰዋል፤ ለምሳሌ የቤቱ ድመት መርፌ ውጣ ሦስት ቀን ሙሉ የረገጠችውን ሁሉ እየሰፋች እንደሄደች። ሱሪ የሚያሳጥር መካከለኛ ወሬ ያገኛል፣ ዚፕ የሚያስቀይር ረዘም ያለ። ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ግን፣ ሲለካ የተጀመረለት ወሬ የሚያልቀው ልብሱን ለብሶ ሲወጣ ነው። ሰፈሩም ይህን አይቶ «ጨምርበት» የሚል ስም አወጣለት፤ እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ተኝቶ ቀረ። ለልብሱ ከሚመጣው ሰው ይልቅ ለወሬው የሚመጣው ይበዛል ብል እኔንም ጨመርክበት ትሉኛላችሁ። ግን ቁልፋቸውን ራሳቸው በጥሰው የሚመጡ ሁለት ጎልማሶች በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

አደጋው የደረሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና ፍሬን በጥሶ ከዳገቱ ወረደ፣ የመብራት ምሰሶውን እንደ ክብሪት እንጨት ሰብሮ የሱቁን ግድግዳ ይዞ ገባ። ጨምርበት የሴት ጃኬት እጅጌ እየገጠመ ነበር። ቀኝ እጁ በስፌት ማሽኑ ብረትና በግድግዳው መሃል ቀረ። ሲያወጡት እጁ ቦታው ላይ አለ፤ እጅነቱ ግን የለም። ሐኪሞቹ ሦስት ጊዜ ከፍተው ሦስት ጊዜ ዘጉት። በመጨረሻ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ከእንግዲህ እንደማይገናኙ ነገሩት። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል። ለልብስ ሰፊ ግን እነዚህ ሁለቱ ካልተገናኙ መርፌ አይያዝ፣ መቀስ አይያዝ፣ ጠመኔ አይያዝ፤ ሰውዬው ከነሙያው ቁጭ ብሎ ቀረ ማለት ነው።

ካሳ ለመጠየቅ ገና አፉን ሳይከፍት፣ የመኪናው ባለቤት የሆነው ድርጅት ቀድሞ ደብዳቤ ላከበት። ታላቅ እህቱ እታለም መነጽሯን አድርጋ አነበበችለት። ማህተሙ ብቻ የሻይ ማቅረቢያ ያህላል።

«‹ሱቁ ወደ መንገዱ ተጠግቶ በመገኘቱ ለግጭቱ ምክንያት ሆኗል› ይላል።»

«ድገሚልኝ እስቲ።»

ደገመችለት።

«ሱቁ ነው ወደ መኪናው የሄደው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሠላሳ ዓመት አንድ ቦታ የቆመ ሱቅ፣ ማክሰኞ ዕለት ምን ታይቶት ተነሳ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ እኔ አልጻፍኩት። ቆይ ገና አለው። ‹የግለሰቡ ጉዳት ቀላል ሲሆን የዘወትር ሥራውን ከመሥራት አያግደውም።›»

ጨምርበት በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እሱ እንኳ፣ ድመት ያሰፋው ሰው፣ እንዲህ ያለውን ወሬ ለደንበኛ አያወራም፤ ደንበኛው ልብሱን አንስቶ ይሄድበታላ። አንጀቱን ያሳረረው ደግሞ ውሸቱ አልነበረም። የጻፈው ሰው አለመሳቁ ነው። ቁጥር ሰጥቶት፣ ግልባጭ አድርጎለት፣ ፈርሞበት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ልኮታል።

«ክሰስ» አለችው እታለም።

«እከሳለሁ እንጂ፣ ምን ዝም እላለሁ።»

ጠበቃዋ ወጣት ሴት ናት፤ ቢሮዋ ውስጥ ከፋይሉ ብዛት የተነሳ መቀመጫ የተረፈው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እታለም ቆማ ነው የሰማቻት። ጠበቃዋ የሐኪሞች ቦርድ የሰጠውን ወረቀት አየች፣ ፎቶዎቹን አየች፣ ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ጉዳዩ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስለ አደጋው ለማንም ሰው አያውሩ።»

«ለማንም?»

«ለማንም።»

እታለም ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ለጨምርበት አታውራ ማለት ለወንዝ አትፍሰስ እንደማለት እንደሆነ ልጅቷ ከየት ታውቀዋለች።

ደግሞም አደራዋን ሊጠብቅ ቢፈልግ እንኳ ኑሮው አላስቻለውም። ግድግዳው ተጠግኖ ሱቁ ሲከፈት ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው እታለም ናት። እታለም በዕድሜዋ ከትራስ ልብስ በቀር ሰፍታ አታውቅም። እሱ ጎኗ ቆሞ በአፉ ይመራታል፣ «ቀኝ፣ ቀኝ፣ አሁን መልሺ፣ እግርሽን አንሺ» እያለ፤ እሷ ትሰፋለች፣ ትፈታለች፣ ደግማ ትሰፋለች። ድሮ ሩብ ሰዓት የማይፈጀው ሱሪ አሁን ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ደንበኛ ደግሞ ሰዓት ተኩል ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሰዓቱን ያያል፣ ያዛጋል፣ ከዚያ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ትዝ ይለዋል። ስለዚህ ወሬው መርዘም ነበረበት። ሰው ሁሉ ሲገባ የሚጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ «እጅህን ምን ሆንክ?» በመጀመሪያው ሳምንት መኪናውን በትከሻው ገፍቶት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አስቆመው። በወሩ መኪናው ከመሬት ተነሳ።

አንድ ቀን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ ቀጭን ሰው ሱሪ ይዞ ገባ።

«ማሳጠር ነበር።»

እታለም ለካችው። «ይሄ እኮ ልክህ ነው ልጄ።»

«ትንሽ ከፍ ይበልልኝ፣ ፋሽን ነው።»

«ቁጭ በል ወንድሜ» አለው ጨምርበት በርጩማ በእግሩ እየገፋለት። ሰውዬው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አስቀመጠና በትህትና ጠየቀ።

«እጅዎን ምን ሆነው ነው?»

እንዲህ ያለ ጆሮ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። የሚስቅበት ቦታ ላይ ይስቃል፣ «ከዚያስ?» ማለት ያለበት ቦታ ላይ «ከዚያስ?» ይላል። ጨምርበት ያን ቀን ከራሱም በለጠ።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችና አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ አለ። ከድርጅቱ ወገን ነገረ ፈጅ ተብሎ የተነሳውን ሰው ስታይ እታለም የወንድሟን ጎን በክርኗ ወጋችው። ሸሚዙ ያው ነጭ ነው። ሱሪው ሌላ ነው።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ሰውዬው፣ «ከሳሽ በገዛ አንደበቱ የተናገረውን በማስረጃነት እናሰማለን።» ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘው።

የጨምርበት ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«...‹ቁም› ብለው አይሰማም። ምን ላድርግ፣ የለበስኩት አዲስ ሸሚዝ ነው፣ እንዳይቆሽሽ እጅጌዬን ሰበሰብኩና በዚህች በቀኝ እጄ ከፊት ያዝኩት። ከዚያ ብድግ! ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ‹ጋሼ ቀስ፣ ጎማው አዲስ ነው› ይለኛል...»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። የራሳቸውን ክስ የሚጠብቁ የተጣሉ ባልና ሚስት እኩል ሳቁ። ጸሐፊዋ ፊቷን በፋይል ሸፈነች፣ ዳኛው ጢማቸውን አሹ። ጨምርበት በሕይወቱ በወሬው ሰው ሲስቅ የቆዘመው ያን ቀን ነው። ወሬው «ተሸክሜው ወደ ዳገቱ ስወጣ...» የሚለው ላይ ተቆረጠ።

ነገረ ፈጁ ክራቫቱን አስተካከለ። «እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከሳሽ እውነቱን ተናግሯል፣ እጁም ደህና ነው። ወይ ከሳሽ ውሸታም ነው። ውሸታም ከሆነ ደግሞ ስለ እጁ የሚነግረንን በምን እናምናለን?»

ጠበቃዋ ተነስታ ተቃወመች፤ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ አለ አለች፣ ይህ ጨዋታ ነው አለች። ነገረ ፈጁ ቦርዱም ቢሆን ጣትህን አንቀሳቅስ ያለው ይህንኑ ሰው ነው፣ አልችልም ያለውም ይኸው ሰው ነው አለ። ጨምርበት ሁለቱንም አልሰማም። የደሙ ፍላት ጆሮው ላይ ደርሷል። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ እህቱን ለማያስፈልገው ሱሪ ሰዓት ተኩል አድክሞ፣ እየሳቀ ወሬውን ሰረቀው። ሌላም ነገር ከነከነው። ከድምፁ ሥር የሰማው ነገር ነበረ፤ ሠላሳ ዓመት ማሽን የረገጠ ሰው ብቻ የሚሰማው።

እጁን አወጣ። ግራውን።

«ክቡር ዳኛ፣ እንደገና ይሰማልኝ።»

ጠበቃዋ ቀሚሷ እስኪጨማደድ ጉልበቷን ጨበጠች። «ጋሼ፣ ይቅርብዎት» አለችው በሹክሹክታ።

«ወሬውን ተዉት» አለ ጨምርበት ለዳኛው። «ከወሬው ሥር ያለውን ስሙልኝ።»

ዳኛው በጭንቅላታቸው ምልክት ሰጡ። እንደገና ተከፈተ። አሁን ሰው ስላልሳቀ የስፌት ማሽኑ ተሰማ። ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል። ትንሽ ይሄዳል፣ ደግሞ ይቆማል። «ከዚያ ብድግ!» ከሚለው በኋላ የሾፌሩ ወሬ ከመምጣቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ጊዜ ሳቁ የዋጠው የሴት ድምፅ ወጣ።

«ጫፉን ያዝልኝ እስቲ፣ ጨርቁ እየሸሸኝ ነው።»

ቀጥሎ የጨምርበት ድምፅ፣ ወሬ የሚያወራበት ሳይሆን ሌላው፣ ዝቅ ያለው።

«በምኔ ልያዝልሽ እታለም? ክርኔን ላስደግፍልሽ?»

ከዚያ ወዲያው ጮክ ብሎ፣ «ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ...»

«ዝጉት» አሉ ዳኛው። ማራገቢያው ብቻ ይንቋቋል። «ልብሱን የሚሰፋው ማነው?»

«እህቴ ናት። ይችውና።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ አወራለሁ። እሷ እጇ ገና አልተፍታታም፣ ትቆያለች። ደንበኛ እንዳይሰለች ነው።»

«ያወሩት እውነት ነው?»

ይህን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ጠይቆት መልሶ አያውቅም፤ «ካላመንክ ድመቷን ጠይቅ» ብሎ ነበር የሚያልፈው። አሁን ግን መለሰ።

«ውሸት ነው።»

«የቱ?»

«መኪናው ከመምጣቱ በቀር ሁሉም። መኪናው ሲመጣ እንኳን ላነሳው አላየሁትም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።» ከዚያ ያልተዘጋጀበት ነገር ገነፈለ። «እኔ ስዋሽ ሰፈሩ ያውቃል፣ ስቆ ይሄዳል። በእኔ ውሸት እንጀራው የተወሰደበት ሰው ካለ ይምጣና ይክሰሰኝ። እነዚህ ግን ሱቅ ተነስቶ ሄዶ መኪና ገጨ ብለው ጽፈው ማህተም መቱበት። እጁ ደህና ነው ብለው ጻፉ፣ እጄን ሳያዩት። ይሄ ሰው ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥቶ አየው። በዚህ እጄ በርጩማ እንኳ ማንሳት አቅቶኝ በእግሬ ስገፋለት አይቷል። አይቶ ነው እዚህ የቆመው። እና ውሸታሙ እኔ ነኝ?»

ዳኛው ከፋይሉ ውስጥ ደብዳቤውን ፈልገው አወጡ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ነገረ ፈጁን አዩት።

«ሱቁ ተጠግቶ በመገኘቱ የሚለውን ያብራሩልን።»

«እሱ ክቡር ፍርድ ቤት... አገላለጽ ነው።»

«መቼ ነው የተጠጋው?»

ነገረ ፈጁ ወረቀቶቹን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ። ባልና ሚስቱ አንገታቸውን አስግገው መልሱን ጠበቁ። መልሱ እስካሁን አልመጣም።

ፍርዱ የተነበበው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ድርጅቱ ለእጁ፣ ለሱቁና ሥራ ፈትቶ ለቆየበት ጊዜ ካሳ እንዲከፍል ተወሰነ። የተቀረጸው ድምፅ ከሳሽ መሥራት አለመቻሉን እንጂ መቻሉን አያሳይም ተባለ። እታለም ስታለቅስ አፍንጫዋን የምትናፈጥበት ድምፅ ግድግዳ ያናውጣል፤ ጸሐፊዋ ማንበብ አቋርጣ ጠበቀቻት። ጨምርበት ደስ አለው፣ ግን ንዴቱ አልወጣለትም። እጁ ያው እጁ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ነገረ ፈጁ ተከትሏቸው መጣ። ፈገግ ብሏል።

«ጋሼ፣ ቂም እንዳይዙብኝ። ሥራ ነው።»

ጨምርበት እርምጃውን አላቋረጠም።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር። ቢሮ ውስጥ ያልሰማው ሰው የለም፣ በምሳ ሰዓት እየከፈትነው ነው የምንበላው። ስልኬ ሞልቶ እዚያው ላይ ቆመ። መኪናውን ተሸክመው ወደ ዳገቱ ከወጡ በኋላ ምን ሆነ? ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ይጠይቀኛል።»

መጨረሻው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥሩ መጨረሻ ነበር፤ ካፖርት ከነገበሩ የሚያሰፋ። አፉን ሊከፍት ሲል ነጩን ሸሚዝ አየ፣ እየሳቁ ምሳ የሚበሉትን ሰዎች አሰበ፣ መልሶ ገጠመው።

«በደብዳቤ ጠይቁኝ» አለ። «ቁጥርና ማህተም ያለው ይሁን።»

«ከዚያ ይነግሩኛል?»

«አልነግርህም።»

ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። እታለም ክንዱን ይዛዋለች።

«ያን ዕለት ግን ምን ብለህ ጨረስከው?» አለችው። «ለየሰዉ ስለምትለዋውጠው ጠፋብኝ።»

«ዳገቱ ጫፍ ላይ ስደርስ» ብሎ ጀመረላት፣ «ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ይጠብቀኛል...»

ከኋላቸው የሰውዬው ጫማ ፈጠን ሲል ተሰማ። ጨምርበት አፉን እህቱ ጆሮ ላይ አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።