የዘር ቤቱ ማራገቢያ

አመተ ሥላሴ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን የመጨረሻ ብሎን ፈትታ ክዳኑን ስታነሳ ማራገቢያው እንደቆመ ነበር። ከበስተኋላዋ አበባው የድንች ጆንያውን ወደ በሩ ይጎትታል። የመጋዘኑ ጠባቂ ጥላነሽ ፊት ለፊቱ ቆማ መንገድ ከልክላዋለች።

"ነገ ገበያ ነው። እስኪሸት ልጠብቀው?" አላት።

"እስኪ መምህርቷ ይዩት። ከማርቆስ ድረስ የመጡት የአንተን ጉልበት ሊያደንቁ ነው?"

ሮብ ገበያ ከተማ ያለው ይህ መጋዘን የማኅበሩ አባላት መርጠው ያስቀመጡትን የድንች ዘር እስከ ተከላ ድረስ የሚያቆዩበት ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ድንቹ ያልበዋል፤ ያላበው ድንች ደግሞ ጎረቤቱንም ይዞ ይበሰብሳል። ሙቀቱን እየለካ ማራገቢያውን የሚያስነሳውን ትንሽ ቦርድ የሠራላቸው ሙላት ነበር፤ የአመተ ሥላሴ ባል። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ያስተምሩ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ እሷ እዚህ ረግጣ አታውቅም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ባዘዘው በስልክ የነገራት አጭር ነበር። አጥፍተው ሲያበሩት ይሠራል፤ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ግን ማራገቢያው ይቆምና በዚያው ይቀራል። አባላቱ ዘራቸውን እያወጡ ለወጥ ሊሸጡት ተነስተዋል። አንዱ ካወጣ ሌላው ይከተላል፤ ለመጪው ተከላም የተመረጠ ዘር አይኖርም።

ላፕቶፗን ከቦርዱ ጋር አገናኝታ ሙላት የጻፈውን ፕሮግራም መስመሮች ማንበብ ጀመረች። ቦርዱ ላይ ሦስት ሥራዎች አሉ፦ ሙቀት መለካት፣ ማራገቢያውን ማዘዝና በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ መልእክት መላክ። ሦስቱንም በየተራቸው የምታስኬድ አንዲት ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለች። ሁሉም ነገር የቆመው አንድ ቦታ ላይ ነበር፦ "መልእክት ተልኳል፤ መድረሱ ይጠበቃል።" ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ። እስከ መጨረሻው ማንበብ አላስፈለጋትም።

የሙት ዓመቱ ማግስት፣ የሐዘን ልብሷን ስታወልቅ፣ ሲም ካርዱንም ከሙላት ስልክ አውጥታው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ስልኩ ጠረጴዛዋ ላይ ቻርጅ እንደተደረገ ተቀምጦ የዚህን መጋዘን ሙቀት ይቀበል ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

"ምን አገኙ መምህርት? ተቃጥሏል?" አለ ከአጠገቧ የቆመው ባዘዘው።

"አልተቃጠለም። እየጠበቀ ነው።"

"ምኑን?"

እንዴት እንደምታስረዳው ትንሽ አሰበች። "ማኅበር ስትጠጡ ጽዋው አንድ ነው አይደል? አንዱ ተቀብሎ የቀረውን ሰው ልጠብቅ ቢል ሌላው ምን ያደርጋል?"

"አይጠጣማ።"

"እንደዚያ ነው። መልእክት ላኪው 'ደርሷል' እስኪባል ድረስ ተራውን ይዞ ተቀምጧል። የሚልክበት ስልክ ደግሞ ተዘግቷል። ማራገቢያውን የሚያዘው ሥራ ተራ አጥቶ ነው የቆመው።"

ጥላነሽ ሳቀች። "የእኛ የጽዋ ማኅበር ሙሴ ቢሆን 'የቀረ ቀረ፣ አሳልፈው' ብሎ ይቆጣ ነበር። ይኸ የማይመጣ ሰው ሲጠብቅ ነው እንዴ የሚውለው?"

ባዘዘው ቁጥሩ የማን እንደሆነ ገባውና ጥላነሽን በዓይኑ ገሠጻት። እሷም ዘግይቶ ገባትና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አመተ ሥላሴ ከስክሪኑ ቀና አላለችም። "ልክ ነሽ" አለች፤ "የማይመጣ ሰው ነው።"

ለመጠበቁ የጊዜ ልክ አበጀችለት፤ ያ ካለፈ ተራውን ይለቃል። አዲሱ ቁጥር የማን ይሁን ብላ ስትጠይቅ ባዘዘው ለሊቀ መንበር እንደሚገባ ተናገረ። አበባው ከበሩ ሆኖ፣ ጋሽ ባዘዘው ስልክ የሚያነሱት ሠርግ ሲጠሩ ብቻ ነው አለ። ሰውየው ራሱ ሳቀና የጥላነሽ ይሁን ተባለ። አመተ ሥላሴ የጥላነሽን ቁጥር ጻፈች። የሙላት ቁጥር ባለበት መስመር ፊት ግን ሁለት ጭረት ብቻ አደረገች። ጭረት ያለበትን መስመር ማሽኑ አያየውም፤ የሚያነበው ሰው ያየዋል። ከዚያ ፕሮግራሙን ወደ ቦርዱ ጫነችው።

ማራገቢያው ዞረ። አበባው አልተደነቀም።

"ሲነሳማ ሁልጊዜም ይነሳል። እሷ ስልኳ የተዘጋባት ቀንስ?"

ጥያቄው ተገቢ ነበር። አመተ ሥላሴ ጥላነሽን ስልኳን እንድታጠፋ አዘዘቻት፤ ማራገቢያውን አቁማ መልእክት አስላከች። አራቱም ጠበቁ። ስክሪኑ ላይ "አልደረሰም" የሚል መጣ። ወዲያው ማራገቢያው እንደገና ዞረና የድንቹን የአፈር ሽታ ወደ በሩ ገፋው።

"እታለም፣ አሳለፈው ማለት ነው?" አለ አበባው ወደ መምህርቷ ዞሮ።

"አሳለፈው።"

ጆንያውን ወደ ቦታው አልመለሰውም። እስከ ጠዋት ልየው ብሎ በሩ ጥግ አቆመውና ሊጭንበት የነበረውን ገመድ ይዞ ወጣ።

ባዘዘው ለምሳ ለመናት፤ መኪና እንዳያመልጣት ብላ አመሰገነችው። ነገ ሌላ ሰው ሊያበጀው ቢመጣ እንዳይቸገር ፕሮግራሙን በፍላሽ ልትተውላቸው ተቀመጠች። ለማኅበሩ በሚቀረው ቅጂ ላይ ጭረት ያለበትን መስመር ፈልጋ ደመሰሰችው። የራሷን ቅጂ ከፈተችና ቁጥሩን አየችው፤ ሳትነካው ላፕቶፑን ዘጋች።