የጀሶ እጅ

የእያንዳንዱ ጠፈርተኛ እጅ በጀሶ ይቀረጻል፤ እኔም ጓንቱን በዚያ ቅርጽ ላይ እየለካሁ እሰፋለሁ። የዴል ሃችንስ የጀሶ እጅ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ስለቆመ፣ አጠገቤ የምትሰፋው ኦፓል «ባልሽ ዛሬም አኩርፏል?» እያለች ታበሽቀኝ ነበር።

ሰው ጨረቃን ሊረግጥ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ዴል ሊመጥቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለመጨረሻው ልኬት መጣ። የግራው ጓንት ሰተት ብሎ ገባ። የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ግን አልገባ አለ።

«ሚስስ ፕሩት፣ ስፌትዎ ጠቧል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለኝ የለም። ጓንቱን ነጥቄ ለጀሶው እጅ አለበስኩት፤ ልክክ አለ።

«ስፌቴ ምንም አልሆነም። ጣትህን አሳየኝ።»

አብጦ ጠቁሯል። እሁድ ዕለት ቤዝቦል ሲጫወት ኳስ መትቶት ኖሯል፤ ለሐኪም ትንፍሽ አላለም።

«ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካወቁ የሚሄደው ሌላ ሰው ነው። እባክዎ፣ ትንሽ ያስፉልኝ።»

አንጀቴን በላው። መቀሴንም አንስቼ ነበር። ግን ጓንቱ ጠፈር ላይ በአየር ሲነፋ ይጠጥራል፤ ጣት ለማጠፍ እንኳ ትግል ነው።

«እሺ፣ አሰፋልሃለሁ» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ይህቺን የጠፈር ልብስህን የአየር መዝጊያ አዙርልኝ።»

ሰፊ የሙከራ ጓንት አጥልቄለት አየር ነፋሁበት። ሦስቴ ሞከረ። ግንባሩ ላብ በላብ ሆነ፤ መዝጊያዋ ንቅንቅ አላለችም።

«እዚያ ላይ ማን ያዞርልሃል፣ የኔ ልጅ?»

ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀና ራሱ ወደ ሐኪሙ ሄደ።

ሌላው ሰው የመጠቀ ዕለት ሁላችንም ሬዲዮ ከበን ስንሰማ ዴል አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሮኬቱ ተነሳ ሲባል በግራ እጁ ጭኑን እየመታ አጨበጨበ። እኔ አለቀስኩ።

በዓመቱ ሐኪሞቹ አሳለፉት። ጣቱ ግን ሲድን ጎብጦ ቀርቷል። እጁን እንደገና ቀረጽን፤ ጓንቱንም እንደገና ሰፋሁ።

ተቆጣጣሪው ሚስተር ግሬዲ ጓንቱን አገላብጦ አየና «ይሄ ጣት ተንጋዷል፤ ፍቺው» አለኝ።

አዲሱን የጀሶ እጅ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አየው፤ ፈረመልኝ።

ዴል ያን ጓንት አጥልቆ ወጣ፤ በሰላምም ተመለሰ። በዕድሜዬ ሆን ብዬ ያጣመምኩት ስፌት እሱ ብቻ ነው።