ሻርሊን በር ላይ የቆመችበት ቅዳሜ

ቨርና ስቱክስ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ በወጣች በዓመቱ ባሏን ሆሊስን ስትሮክ መታው። ከዚያ ወዲህ ከቤቷ ከሁለት ሰዓት በላይ ርቃ አታውቅም። የሆሊስ ቀኝ እጅና እግር አይታዘዙትም፤ ካንደበቱ የቀሩለትም ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ከነዚያም ግማሾቹ ስድብ። ጎረቤቷ ኦፓል ማክሰኞ ማክሰኞ መጥታ አጠገቡ ስትቀመጥላት ቨርና ገበያ ደርሳ፣ መድኃኒት ቤት ደርሳ ትመለሳለች። በቃ፣ ዓለሟ ያቺው ነበረች።

ለእስረኛ መጻፍ የጀመረችው በዚህ መሃል ነው። አንድ ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያን ጎራ ብላ ሰሌዳው ላይ ጠያቂ የሌላቸው እስረኞች ስም ተለጥፎ አየችና ዓይኗ ያረፈበትን ቀድታ ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች። ሮስኮ ቲልማን ይላል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በስካር ጠብ ሰው ገድሎ አሥራ ሰባት ዓመት ታስሯል፤ ገናም ብዙ ይቀረዋል። እስር ቤቱ ከእሷ ከተማ በመኪና አራት ሰዓት ይርቃል። እሷ አውቶቡሷ ላይ ስላስቸገሯት ልጆችና ዘንድሮ ትል ስለበላባት ቲማቲም ትጽፍለታለች፤ እሱ ለዘጠኝ መቶ ሰው ባቄላ ስለሚቀቅልበት ወጥ ቤት ይጽፍላታል። ሁለት ዓመት አለፋቸው።

ሆሊስ መጀመሪያ ሰሞን በግራ እጁ ወደ ኮምፒውተሩ እየጠቆመ፣ «ባል!» ይላት ነበር።

«አዎ፣ ሌላ ባል አግኝቻለሁ። ይሄኛው ቢያንስ ይጽፋል» ትለዋለች፤ ሆሊስም በግማሽ ፊቱ ይስቃል።

የሚጻጻፉበት መንገድ ኢሜይል ይባል እንጂ እንደ ሰው ኢሜይል አልነበረም። የጻፈችው መጀመሪያ እስር ቤቱ ቢሮ ይገባል፤ እዚያ አንድ ሠራተኛ አንብቦ ሲለቀው ነው ሮስኮ ታብሌቱ ላይ የሚያገኘው። እስኪለቀቅ ድረስ ከመልእክቱ ሥር «በፍተሻ ላይ» የሚል ጽሑፍ ይቀመጣል። ደህና ሲሆን ሁለት ቀን፣ ሲከፋ ሳምንት ይፈጃል። ቨርና ጥርሱን እንዴት እንዳደረገው ጠይቃው፣ «ትናንት ተነቀለ» የሚለው መልስ ሲደርሳት ስለየትኛው ጥርስ እንደጠየቀች ራሷም ረስታው ነበር። በስልክ ለመነጋገር ደግሞ ቁጥሯ እንዲፈቀድላት ማመልከቻ ካስገባች ወራት አልፈዋል፤ እሺም እምቢም ያላት የለም።

ጁላይ መግቢያ ላይ አንድ ሰኞ የቤቷ ስልክ ጮኸ።

«ሚስ ቨርና ነዎት?» አለች ድምጿ ቀጠን ያለ ሴት። «ሻርሊን ቲልማን እባላለሁ። አክስቴ ባለፈው ወር አረፈች። ዕቃዋን ስሰበስብ የላኩላትን የገና ካርድ አገኘሁ፤ ስልክዎ ተጽፎበታል።»

ቨርና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለአክስትየዋ ካርድ የምትልከው ሮስኮ አደራ ስላላት ነበር፤ መልስ ግን መጥቶላት አያውቅም። ሻርሊን አንድ ልጁ ናት። ሲታሰር አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ አሥራ አራት ሲሞላት መጻጻፉ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ሰምቶ አያውቅም።

«የኔ ልጅ፣ አባትሽ ስምሽን ሳያነሳ ደብዳቤ ጨርሶ አያውቅም» አለቻት።

«የሚመጣው ሳይሆን ከዚያ የሚቀጥለው ቅዳሜ እረፍት ነኝ» አለች ሻርሊን። «ሄጄ ፊቱን ላየው ነው። እስር ቤቱ ደውዬ ነበር፤ የጠያቂ ዝርዝር ላይ ስሜን የሚያስገባው እሱ ራሱ ነው አሉኝ። ከጉብኝቱ በፊት እስካለው ሐሙስ ካላስገባ አይሆንም። ይንገሩልኝ። ይሄ ድፍረት ሳይከዳኝ።»

«አሁኑኑ እነግረዋለሁ።»

ስልኩን እንደዘጋች ጻፈች። ሦስት ጊዜ አረመችው። «ሻርሊን ደወለችልኝ፤ ልታይህ ትፈልጋለች፤ ስሟን ቶሎ አስገባ» የሚል ነበር። ረቡዕ ዕለት መልሱ መጣ፤ የሮስኮ ግን አልነበረም። «ተከልክሏል። ምክንያት፦ የሦስተኛ ወገን መልእክት ማስተላለፍ» ይላል።

ቨርና ብዙ ካሰበች በኋላ ዘወር አድርጋ ጻፈች። ያቺ ከአትክልቱ ተነቅላ የሄደችው አበባ ቅዳሜ ልትመለስ ነው፣ በሩን አስከፍትላት አለችው። ሮስኮ ሞኝ አይደለም፤ ይገባዋል ብላ ነበር። ዓርብ ዕለት እሱም ተመለሰ። «ተከልክሏል። ምክንያት፦ አጠራጣሪ የምስጢር ቋንቋ።»

«የምስጢር ቋንቋ!» አለች ወደ ሆሊስ ዞራ። «አበባ ማለት ምስጢር ሆነ እንግዲህ።»

ሆሊስ ከቀሩት ቃላት አንዱን መዘዘ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጻፍ አይደለም።

ሦስተኛውን እንደ ትእዛዝ አሳጠረችው፦ «ሮስኮ፣ የልጅህን ስም የጠያቂ ዝርዝር ላይ አስገባ።» ይሄኛው አልተከለከለም። አልተለቀቀምም። ቅዳሜ በፍተሻ ላይ፣ እሁድ በፍተሻ ላይ፣ ሰኞ በፍተሻ ላይ። አራተኛ ጻፈች፣ አምስተኛ ጻፈች፤ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰለፈ። ሾርባ ስታማስል እየተመለሰች ታያለች፤ ሆሊስን አገላብጣ ትመለስና ታያለች። ኮምፒውተሩ ላይ ያቺው ቃል ተቀምጣለች።

ማክሰኞ ኦፓል ስትመጣ ቨርና ገበያውን ትታ ስልክ ያዘች። ማሽኑ አንድን ይጫኑ፣ ሦስትን ይጫኑ እያለ ሃምሳ ደቂቃ ካዞራት በኋላ አንድ መኮንን አነሳ።

«የእስረኛው ቤተሰብ ነዎት?»

«ወዳጁ ነኝ።»

«ወዳጅ የሚባል መደብ የለንም፣ እመቤት።»

«እሺ መደቡ ይቅር። መልእክት ለማድረስ ስሞክር ስምንት ቀን ሆነኝ፤ አስቸኳይ ነው።»

«ከውጭ የሚገባውን መልእክት የሚያነበው ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነው። ሲመለስ በተራው ያያል።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«እሱን ለመናገር አልተፈቀደልኝም።»

«የእስር ቤቱ ፓስተር ጋ ያገናኙኝ በቃ።»

«ፓስተሩ ሥራ ከለቀቁ ቆዩ። ቦታው ክፍት ነው።»

ኦፓል ከሆሊስ አጠገብ ሆና ስትሰማ ቆየችና፣ «መኪናውን አስነስተሽ ለምን አትሄጂም?» አለቻት።

«ሄጄስ? እኔም ዝርዝሩ ላይ የለሁም። ደግሞ ስምንት ሰዓት መንገድ ነው፤ እሱን ማን ያነሳዋል? አንቺ ወገብሽን ታመሽ።»



ሐሙስ አለፈ። ሐሙስ ማታ ቨርና ለሻርሊን ደውላ እውነቱን ነገረቻት፤ ምንም እንዳልደረሰው እንደምታስብ፣ ባትሄድ እንደሚሻል።

«የእሱ መልስ ነው እኮ የሚዘገየው፤ የእርስዎ ደርሶት ስሜን አስገብቶ ሊሆን ይችላል» አለች ሻርሊን። «ብቀርና እሱ ሲጠብቀኝ ቢውልስ?»



ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት የሮስኮ መልእክት ደርሶ አገኘችው። ቆማ አነበበችውና ቁጭ አለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«መኪና ማቆሚያው ላይ ነኝ» አለች ሻርሊን። ድምጿ ደርቋል። «የለሽም አሉኝ። ሰው አሰልፈው፣ ከሰው ፊት፣ ስምሽ የለም አሉኝ። ደርሶታል፣ አይደል? ደርሶት ነው ዝም ያለው። እኔ ነኝ ሞኟ! አምስት ሰዓት ነድቼ...»

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ምኑን ልስማ?»

«ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። የጻፈው ረቡዕ ነው። ላንብብልሽ፤ ከዚያ የፈለግሽውን ትይኛለሽ።» ቨርና መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበች። «‹ሚስ ቨርና፣ ደብዳቤዎን ካየሁ አሥራ ስምንት ቀን ሆነኝ። ሰው እስረኛን ቢሰለች አይፈረድበትም፤ እርስዎ ከማንም በላይ ቆይተውልኛል። ያጠፋሁት ካለ ይቅር ይበሉኝ። ሚስተር ሆሊስ ደህና መሆናቸውን ብቻ በአንድ ቃል ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም። ሮስኮ።›»

ከወዲያ በኩል የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ሻርሊን?»

«እንደገና ያንብቡልኝ።»

እንደገና አነበበችላት።

«የመጨረሻዋን መስመር።»

«‹ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም።›»

ሻርሊን ማልቀስ ጀመረች። «ለኔም የመጨረሻ ደብዳቤው እንዲህ ነበር የሚለው። ‹ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።› አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እናቴ፣ ‹አየሽ፣ ሰለቸሽው› አለችኝ። የኔ መልሶች ሳይደርሱት ቀርተው ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።»

ሆሊስ ከአልጋው ሆኖ ቨርናን ያያታል። በመጨረሻ ሻርሊን አፍንጫዋን ጠራርጋ፣ በር ላይ ላለው ጠባቂ ወረቀት ብትሰጠው ይቀበላት እንደሆነ ልጠይቅ ብላ ወረደች። አልተቀበላትም። አምስት ሰዓቱን ነድታ ተመለሰች።

ፈቃድ የወጣው ሠራተኛ ተመለሰ መሰለኝ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የታገደው ሁሉ በአንድ ቀን ተለቀቀ። ሮስኮ አሥራ አንድ መልእክት ባንድ ጠዋት አነበበ፤ ለዚያውም ኋለኛው ፊት፣ ፊተኛው ኋላ ሆኖ። «ይቅርታ አልሆነም፣ አዝናለሁ» የሚለውን መጀመሪያ፣ ምን እንዳልሆነ ደግሞ መጨረሻ። መልሱ አጭር ነበር።

«ያን ቅዳሜ የት እንደነበርኩ ላስታውስ ስሞክር ዋልኩ። ወጥ ቤት ነበርኩ። ባቄላ እየለቀምኩ ነበር። ልጄ በር ላይ ቆማ እኔ ጠጠር ከባቄላ እለያለሁ። ስሟን ዛሬ አስገብቻለሁ።»

ስሙ ቢገባም ነገሩ አላለቀም። የልደት ወረቀቷን ጠየቁ፤ ላከች፤ ጠፋ አሉ፤ ደግማ ላከች። ሻርሊን አባቷ ፊት የተቀመጠችው ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ነው። እንደወጣች ለቨርና ደወለች።

«አጭር ነው» አለቻት። «እኔ የማስታውሰው ግዙፍ ሰው ነበር። ግንባሩ ከኔ ግንባር ጋር አንድ ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት ስለ አየሩ ስናወራ ጨረስነው፤ ሁለታችንም ፈሪ ነን።» ከዚያ ሳቀች። «በሚቀጥለው አብረን እንሂድ፣ ሚስ ቨርና። እሱም ጠይቂልኝ ብሏል። እኔ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

ቨርና ወደ ሆሊስ ዞር አለች። ምሳውን ግማሹን ደረቱ ላይ አፍስሶ፣ በግራ እጁ ማንኪያውን ይዞ፣ እሷን ይጠብቃል።

«እናያለን፣ የኔ ልጅ» አለች።

የሮስኮ ደብዳቤ የደረሳት ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ሁሉንም ከሥር መሠረቱ ይተርካል፤ ሻርሊን ምን ለብሳ እንደነበር፣ እሱ ሲነሳ ወንበሩን እንዴት እንደገለበጠው፣ ስለ አየሩ ስንቱን እንዳወሩ። ቨርና አንዱም አዲስ ባይሆንባትም ለሆሊስ ጮክ ብላ አነበበችለት። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ «ንገረኝ እስቲ፣ ከዚያስ?» ብላ መልሱን ጻፈችና ላከችው።