ካውያውን ነቅዬዋለሁ?

ደንበኞቿ «ሜትር» ነበር የሚሏት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከዓመታት በፊት የለካችውን ወገብ ዛሬም በቃሏ ትነግርሃለች። አብራት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ግን መቀሱን በእጇ ይዛ መቀስ የምትፈልግ ዝንጉ ናት። ታዲያ ሜትር በማን ብትቀና ጥሩ ነው? በዚችው ዝንጉ!

ሱቁን ሲዘጉ ታናሺቱ ቦርሳዋን አንግታ ውልቅ ትላለች። ሜትር ካውያውን ትነቅላለች፣ ሶኬቱን ትዳስሳለች፣ ቆልፋ ትወጣለች። መንገድ ላይ ግን «ነቅዬዋለሁ?» የሚል ሐሳብ ሰቅዞ ይይዛታል። መንቀሏ ትዝ ይላታል። ግን የዛሬው ነው የትናንቱ? ትመለሳለች። ደጋግማ ባየችው ቁጥር ነገሩ ይብስ ይደበዝዝባታል።

አዝላ ያሳደገችው ወንድማቸው ከስንት ጊዜ በኋላ በባቡር የመጣ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ሊቀበሉት ሲሄዱ ግማሽ መንገድ ላይ ታናሺቱን «ቅደሚ፣ መጣሁ» ብላ ተመለሰች። እያለከለከች ጣቢያው ስትደርስ ወንድሟና ታናሺቱ ተቃቅፈው፣ አልቅሰው፣ እንባቸውን ጠርገው መሳቅ ጀምረዋል። እሷንም አቀፋት። ግን ትራፊ እቅፍ ሆነባት።

«እትዬ፣ ተነቅሏል አይደል?» አለች ታናሺቱ፣ በቅን ልብ።

«አንቺስ የቤቱን በር ቆልፈሻል?»

«እኔ እንጃ! ቆልፌ ይሆናላ።»

ያቺ «ይሆናላ» አቃጠለቻት። ሰው እንዴት በ«ይሆናላ» ይኖራል? እንዴትስ እንዲህ ያምርበታል?

ወንድምየው ነገሩ ሲገባው ሐኪም ዘንድ ወሰዳት፤ ታናሺቱም ተከተለች። ሐኪሟ ለሁለቱም ሥዕሎች አሳይታ ያዩትን ጠየቀቻቸው። ታናሺቱ ግማሹን ዘነጋች፤ ሜትር አንድም አልሳተች።

«የማስታወስ ችግር የለብሽም» አለቻት ሐኪሟ። «ያጣሽው ማመኑን ነው። ደጋግመሽ ስታዪው አንዱ ማየት ከሌላው ይደባለቅብሻል። አንዴ ነቅለሽ ሂጂ። ጭንቀቱ ቢመጣም አትመለሺለት።»

«እሷ ሁሉን ረስታ ለጥ ብላ ትተኛለች፤ እኔ ሁሉን ይዤ አፈጣለሁ!» አለች ሜትር፣ እህቷን በግልምጫ እያነሳች እየጣለች።

ታናሺቱ ደነገጠች። «በኔ ነው የምትቀኚው? እኔ እኮ የእማዬን ድምፅ እንኳ ረስቻለሁ። አንቺ እሷን አስመስለሽ ስታወሪ ነው የምሰማት።»



በማግስቱ ወንድማቸው ምግብ ቤት እራት ጋበዛቸው። ሜትር ካውያውን ነቀለች፣ ቆለፈች፣ ሄደች። አውቶቡስ ውስጥ ላብ አጠመቃት፤ ልውረድ ልውረድ አላት። ታናሺቱ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ ታንቀላፋለች። ይህን ስታይ ይባስ አንገበገባት። ግን አልወረደችም። እራቱ እስኪጋመስ ምን እንደጎረሰች አላወቀችም፤ ቀስ በቀስ የወንድሟ ወሬ ይሰማት ጀመር።

ከዚያ ወዲህ የተመለሰችባቸው ቀናት አልጠፉም፤ ያልተመለሰችባቸው ግን በዙ። ቅናቱም ጨርሶ አልለቀቃትም። እህቷ ቀድማት ማንኮራፋት ስትጀምር፣ አንዳንዴ በክርኗ ጎሸም ታደርጋታለች።