ወደ አሥራ አንደኛው ምሰሶ የሚሄዱ መስመሮች

ጋሽ ሉጥፊ መሰላሉን ከምሰሶው ጋር በገመድ አስሮ ወደ እኔ ዞረ።

«እንዳለው፣ ያ የሸረሪት ድርህ ምን ይላል?»

የሸረሪት ድር የሚለው ካርታዬን ነው። የሱዳኑ ጦርነት ከጀመረ ወዲህ የገዳሪፍ ከተማ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈራችን የሚኖረው በሁለት የግል ጄኔሬተሮች ነው፤ ሽቦው ከጣሪያ ጣሪያ ተጠላልፏል። ጎንደር ኤሌክትሪክ ተምሬ የመጣሁ ስለሆንኩ ሁለት ወር ሙሉ ቤት ለቤት ዞሬ እየጠየቅሁ ሣልኩት። ቤቱ ነጥብ፣ ሽቦው መስመር። የአብዱልናስር ጄኔሬተር ቀይ፣ የዛኪር ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር ሰማያዊ። ሁለቱ የትም አይገናኙም።

«አሥራ አንደኛው ምሰሶ ቀይ ብቻ ነው» አልኩት። «አብዱልናስር አጥፍቷል። ማጥፊያውን ቆልፌ ቁልፉን ይዣለሁ።»

«ከሞትኩ ስሜን በቀይ ጻፈው እንግዲህ!» እየሳቀ ወጣ። ሽቦውን ኮረንቲ ሲያገኝ በሚበራው ቴስተር ነካ፤ አልበራም። ከሃጃ ባሕሪያ ቤት የሚመጣውን የተቃጠለ ሽቦ ቆረጠው።

ጋሽ ሉጥፊ ሽቦ የሚልጠው በጥርሱ ነው። ስንቴ ነግሬዋለሁ። «ይህ ጥርስ ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ ያንተ ፒንሳ ገና የትናንት ነው» ይለኛል።

መሰላሉን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ከኋላ ሰፈር የወፍጮው ጄኔሬተር ተነሣ። ደነገጥኩ። በአንድ እጄ ካርታውን ገለጥኩ። ሰማያዊው መስመር የሃጃ ጎረቤት ነጂያ ቤት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ነው። በጣቴ ተከተልኩት። ደግሜ ተከተልኩት። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ካርታው ልክ ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም። ልክ ከሆነ።

«አልሐምዱሊላህ፣ መጣ!» አሉ ሃጃ ባሕሪያ ከበረንዳቸው።

ዞር አልኩ። በተከፈተው በራቸው የጣሪያው ማራገቢያ መዞር ሲጀምር አየሁ።

«ጋሽ ሉጥፊ! አፍህ! አፍህን!»

ሽቦው ከከንፈሩ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። የያዘው በላስቲኩ በኩል ነበር። ቀስ ብሎ ለቀቀው፤ ጫፉን በቴስተር ሲነካው በራ፤ ኮረንቲው ከሃጃ ቤት ወደ ምሰሶው እየመጣ ነበር። ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሮጬ የሃጃን ዋና ማጥፊያ አወረድኩ።

«ሃጃ፣ ይህ ኮረንቲ ከየት መጣ?»

«ከነጂያ ነዋ። በረመዳን፣ ኢንሱሊንሽ እንዳይበላሽ ብላ በግድግዳው ላይ ሽቦ አቀበለችኝ።»

«መጥቼ ጠይቄዎት ነበር እኮ!»

«የጠየቅከኝ ከማን ይገዛሉ ብለህ ነው። ከአብዱልናስር አልኩህ። የነጂያን መች ገዛሁት? ጎረቤት ያቀበለው ይገዛል እንዴ?»

በአርባ ሦስት ደጃፍ ቆሜ የጠየቅሁት ያንኑ ጥያቄ ነበር።

ጋሽ ሉጥፊ ከተቀመጠበት ቀና አለ። «አርባ ሦስቱንም እንደ አዲስ ጠይቅ። እስክትጨርስ መሰላሉን አልነካም።»

በነጂያ ጀመርኩ። «ሽቦ ያቀበልሽው ለማን ለማን ነው?»

ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። «ለሃጃ። ለወርቂ። ለራዲያ እናት...» አራተኛውን ጣቷን ይዛ ቆመችና ወደ ውስጥ ተጣራች። «ሰሀር! ያን ጊዜ ሌላ ለማን ነበር?»

ቀዩንም ሰማያዊውንም እስክሪብቶ ኪሴ ከትቼ በላጲስ የሚጠፋ እርሳስ አወጣሁ።