የአቶ አለምነህ የሞተር መድኃኒት

አቶ አለምነህ ሁለት ነገር አያደርጉም ይባል ነበር በወረታ። ያልለኩትን አይናገሩም፤ ከባየህ ጋራዥ በርም አልፈው አይገቡም።

የመጀመሪያው ከሙያቸው የመጣ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በመሬት ቀያሽነት ሲያገለግሉ ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ወንዝ ያለውን የፎገራን ሜዳ በሰንሰለት ለክተው፣ አንዲት የድንበር ድንጋይ ለወዳጅ ብለው ስንዝር ሳያዛንፉ ጡረታ ወጥተዋል። ሁለተኛው ግን ከሙያቸው አልመጣም። ባየህ የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ አባቱ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ ያሳደገው፣ እርሱም ከወናፍ ወደ ሞተር የተሻገረ። አቶ አለምነህ ስለ ቀጥቃጮች የሚወራውን የቡዳ ወሬ ባደባባይ የሚያወግዙ የተማሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን ልጅ ሳሉ እናታቸው ከቀጥቃጭ ደጅ ፈጥና ስታሳልፋቸው ክንዳቸውን የጨበጠችው ጭብጥ፣ እነሆ በሰባ አራት ዓመታቸውም አልለቀቃቸውም።

ስለዚህ በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ነጯን ፒክአፕ ለዘይት ቅየራ ሲያመጡ፣ ቁልፉንና አንዲት ቆርቆሮ ለባየህ በሩ ላይ ያስረክቡና ማዶ ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ቆርቆሮዋ ከዘይቱ ጋር የምትጨመር፣ ነጋዴዎች «አዲቲቭ»፣ እርሳቸው ግን «የሞተር መድኃኒት» የሚሏት ናት። ከባሕር ዳር ያስመጧታል።

«የፎገራ በሬ እንኳ ሣር ብቻ ግጦ አያርስም፤ ቦሌ የሚሉትን ጨዋማ አፈር ይልሳል፣ ፋጉሎ ይጨመርለታል። ብረት ከበሬ በምን ያንሳል?» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ። ንግግራቸው የለካ ሰው ንግግር ስለሆነ የሚከራከራቸው አልነበረም።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሩዙ ቢጫ መልበስ ሲጀምር፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እማዋይሽ ጋር ከባሕር ዳር ሲመለሱ ሐሙሲት ከተማ ላይ ለመኪናዋ ሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ የሚያመላልሰው ጎማ ተቀደደ። እርሳቸው መንገዱን ሲያዩ ወይዘሮ እማዋይሽ ኮፈኑን ያዩ ነበር።

«አንቱ ሰውዬ፣ ይኼ ጭስ ከገበያው ነው ወይስ ከእኛ?»

ከእነርሱ ነበር። ሞተሩ ፈልቶ ቆመ፤ ወረታ የደረሱትም በሌላ መኪና ተጎትተው ነው።

ባየህ በማግስቱ ጠዋት ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገራቸው። «ጋሼ፣ የሞተሩ ክዳን መነሣት አለበት። ውስጡ ያለው የሲሊንደር ግድግዳ ተፍቆ ከሆነ፣ ከእንግዲህ መኪናዋ ለቁራጭ ብረት ናት። ብቻዬን አልከፍተውም፤ እርስዎ ቆመው ይዩት።»

አቶ አለምነህ ከደጁ ሆነው መኪናዋን አዩ። እግራቸው ደክሟል። ዛሬም በሜዳው ላይ ድንበር የሚጣሉ ሰዎች ሲጠሯቸው የሚደርሱት በዚህች መኪና ነው። እርሷ ከሄደች ሜዳው ይርቃቸዋል፤ ሜዳው ከራቃቸው ደግሞ ደጃፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ ሆነው መቅረታቸው ነው። ባርኔጣቸውን አስተካከሉና፣ የባየህ ደንበኛ ከሆኑ ወዲህ በዐሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሩን አልፈው ገቡ።

የባየህ እናት እናኑ ጥግ ላይ ሩዝ ይለቅማሉ። ተነሥተው በርጩማ አቀረቡላቸው።

«ቆሜ ይሻለኛል» አሉ አቶ አለምነህ።

«እርሳቸው ከተቀመጡ የአገሩ ልክ ይዛነፋል» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ፤ በርጩማውን ራሳቸው ሳቡና ከእናኑ ጎን ተቀምጠው ሩዙን አብረው ይለቅሙ ጀመር።

ባየህ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ክዳኑን አነሣ፤ የአንዱን ሲሊንደር ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ የእጅ ባትሪውን አበራላቸው። አቶ አለምነህ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

የጠበቁት የተቦጫጨረ ብረት ነበር። ያዩት ግን ሌላ ነው። ግድግዳው እንደ ጥሩ መስተዋት ያበራል፤ በላዩም ከቀኝና ከግራ ተነሥተው እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ፣ ከሸማ ድርና ማግ የቀጠኑ መስመሮች ተሰምረውበታል። አንዱ መስመር ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። በዘመናቸው ብዙ መስመር ያሰመሩት ሰው እንዲህ ያለ እጅ አይተው አያውቁም።

«ይህን ማን ጫረው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጭረት አይደለም ጋሼ። ሞተሩ መጀመሪያ ሲሠራ የተሰመረ ነው፤ ዘይት እንዲይዝ። መኪናዋ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ልትደፍን ነው፤ መስመሩ ግን አልጠፋም።»

አቶ አለምነህ ማስላት ያዙ። ኪሎ ሜትሩን ወደ ሰዓት ለውጠው፣ ሰዓቱን በደቂቃ፣ ደቂቃውን በዙር አባዙ። ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ፒስተን የሚባለው ብረት በዚህ ሲሊንደር ውስጥ ሰባት መቶ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ወጥቶ ወርዷል። ሰባት መቶ ሚሊዮን ጊዜ አልፎ፣ በጥፍር የሚፋቅ የሚመስለውን ስስ መስመር አልደመሰሰም።

«እንዴት ሳይፈጨው ቀረ?»

«አይነካውማ። በመካከላቸው ዘይት አለ፤ ከጠጉር የቀጠነ። ብረቱ በዚያ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖር።»

ያን ጊዜ አቶ አለምነህ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሳሉ ያሳለፉት አንድ ክረምት ትዝ አላቸው። ርብ ሞልቶ ሜዳውን አልብሶት ነበርና የድንበር ድንጋዮችን ለማየት በታንኳ ወጡ። ውኃው ስስ ነው፤ ከጉልበት አያልፍም። ጎንበስ ብለው ቢያዩ ሣሩ ከሥራቸው አንድም ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የተከሏቸው ድንጋዮችም ከነምልክታቸው ይታያሉ። ታንኳዋ ሦስት ሰው ተሸክማ በዚያ ሁሉ ላይ ምንም ሳትነካ አለፈች። ያን ዕለት፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር።

አሁንም አወለቁ። ባየህ ባትሪውን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው ሲያዞር እየተከተሉ አዩ። አራቱም አንድ ናቸው። 

ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «እማዋይሽ፣ ነይ እይ። መድኃኒቴ ያደረገውን እይ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሰዉ ሁሉ እመሰክራለሁ፤ መኪና ያለው ሁሉ ይህን ቆርቆሮ ይግዛ።»

ባየህ ባትሪውን አጠፋ። እናቱን አየ፤ እናቱ እጃቸውን ከሩዙ ሳያነሡ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባየህ መሰላል አቁሞ ቆጥ ላይ ወጣ፤ አንድ ጆንያ አውርዶ በአቶ አለምነህ እግር ሥር ፈታው። ቆርቆሮዎቹን እያወጣ በመስመር ደረደረ። ሃያ ሁለት ናቸው። የአንዱም አፍ አልተከፈተም። በእያንዳንዱ ላይ የተቀበለበት ቀን ተጽፎበታል።

«ምስክርነት ባይሉ ኖሮ ዝም እል ነበር፤ የእርስዎ ምስክርነት ግን ድንበር ያጸናል» አለ ባየህ። «አንዱንም አልጨመርሁም፣ ጋሼ።»

የአቶ አለምነህ ፊት ጠቆረ። አንድ ቃል ምላሳቸው ላይ ደረሰ፤ እናታቸው ስለ ቀጥቃጭ ቤት ትለው የነበረው ቃል። ባየህም ቃሉን እየጠበቀ ቆመ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯልና መምጫውን ያውቃል።

ቀድመው የተናገሩት እናኑ ናቸው። «አባቱ ማረሻ ሲሠራ የሚተርፈውን ቁራጭ በቅጠል ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመልስ ነበር። የሰው ብረት ቤታችን አድሮ አያውቅም። እነዚህ አድረዋል። ጥፋት ካለ ማደራቸው ነው።»

«ለምን ያን ጊዜውኑ አልመለስኽልኝም?» አሉ አቶ አለምነህ።

«መኪናዋን ሌላ ጋ ይወስዷት ነበራ።» ባየህ ጨመረ፦ «ደሞ ገብተው ቢቆሙ ኖሮ ያዩኝ ነበር።»

ይህን ያለው ለመውቀስ አልነበረም፤ የሆነውን ነው የተናገረው። አቶ አለምነህ በተከፈተው በር ወደ ዋርካው አዩ። ከበሩ እስከ ጥላው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ለክተውት አያውቁም።

«እንግዲያ መድኃኒቱ ውሸት ነው?»

«ዘይቱ ከፋብሪካው ሲወጣ የሚያስፈልገው ሁሉ ተቀምሞለት ነው የሚመጣ። በላዩ ሌላ ሲጨመር የሚጠቅም አላየሁም፤ ቅመሙን የሚያበላሽም አይጠፋ። ያረጀ ሞተር ጭስ ለጊዜው የሚያስታግስ አለ፤ እሱን የሚወድ መኪናውን ሊሸጥ የቸኮለ ሰው ነው።»

«ጨው ባለው ወጥ ላይ ጨው መነስነስ» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። «እኔ ባደርገው ሰሐኑን ይመልሱልኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አቆያት?» አሉ አቶ አለምነህ።

«ንጹሕ ዘይት፣ በጊዜው። እሱን እርስዎ አንድ ቀን እንኳ አሳልፈው አያውቁም። ዝናብ ሲጥል ዋርካው ሥር ጃንጥላ ይዘው ቆመው አይቻለሁ። እኔ ያፈሰስሁት እርስዎ ያመጡትን ነው።»

አቶ አለምነህ ባትሪውን ከባየህ እጅ ወስደው ራሳቸው አበሩት፤ ወደ መጀመሪያው ሲሊንደር ተመልሰው ለረጅም ጊዜ አዩ። ድርና ማጉ አሁንም በቦታው ነው። ማንም ያልጨመረበት፣ ማንም ያልቀነሰበት። ቅድም ካዩት ይልቅ አሁን ገነነባቸው።

«ክዳኑ መቼ ይገጠማል?»

«ጓርኒሲዮኑ፣ ከክዳኑ ሥር የሚነጠፈው ማለቴ ነው፣ ነገ ከባሕር ዳር ይመጣል። ከሰዓት በኋላ እገጥመዋለሁ።»

«መጥቼ አያለሁ» አሉ። ከዚያም ዞር ብለው፣ «እመት እናኑ፣ ያ በርጩማ ባለቤት አግኝቷል ወይስ ለኔ ይተርፋል?»

ወይዘሮ እማዋይሽ ከበርጩማው ተነሡላቸው። አቶ አለምነህ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ተቀመጡ። እናኑ ከጓዳ የሩዝ ዳቦ በሰፌድ አምጥተው ከፊታቸው አደረጉ፤ ብሉ አላሉም፣ አቅርበው ቆሙ። የእናታቸው ጭብጥ ክንዳቸው ላይ ሲጠብቅ ተሰማቸው። ቢሆንም እጃቸውን ዘረጉና ቆረሱ፤ ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ።

«እነዚህን ቆርቆሮዎችስ የት ላድርሳቸው?» አለ ባየህ።

አቶ አለምነህ ዳቦውን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ውጭ አመለከቱ። «ከዋርካው ሥር ቅበራቸው። ድንበሩ እስከዚያ ነበር።»

ከዚያ ሁለተኛ ቆረሱ።